«ቲቸር፣ ስፒከሮቹን በምን አጸዷቸው?» ላላችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜ የሁለቱን ስፒከሮች ፎቶ ስለጥፍ ይህን ያህል ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ኢንቦክሴ ሞላ። ግማሻችሁ «ስንት ገዟቸው?» ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ «የአባቴ ስፒከር ዕቃ ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ በምን ላጽዳው?» ትላላችሁ። አንዱ የድሮ ተማሪዬማ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ቲቸር፣ ጡረታ ወጥተው አናጢ ሆኑ እንዴ?» አለኝ። ጡረታ አልወጣሁም፤ ገና ጥቂት ዓመት ይቀረኛል። ለሁላችሁም በየተራ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፤ ቡና ማፍላት የምትፈልጉ አፍሉ።

በምን እንዳጸዳኋቸው ከመናገሬ በፊት ግን በምን እንዳበላሸሁ ልንገራችሁ። እነዚህን አይደለም፤ የአባዬን።

አባዬ ባንክ ቤት ነበር የሚሠራው። በ1965 ዓ.ም. ፒያሳ ከነበረ አንድ ሱቅ የጀርመኑን ግሩንዲግ ማጫወቻ ከሁለት ስፒከር ጋር ገዛ። ከደመወዙ በየወሩ እየቆረጠ ነው የከፈለው፤ እማዬ እስካሁን «የኔ ቀለበት ያልተገዛበት ገንዘብ» ትላቸዋለች። የዋልነት እንጨት ናቸው፤ ቡናማ ሆነው ጠቆር ያለ መስመር የሚተጣጠፍባቸው። ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ትንንሾቹ ባለ 45 ነበሩ፤ አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳትማቸው ከነበሩትም ነበሩበት። በሰዓት እላፊው ዘመን ማታ ከቤት መውጣት የለም። አባዬ ዓለማየሁ እሸቴን ወይ ብዙነሽ በቀለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከፍትና ወደ ቀኙ ስፒከር ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ አንዱ ጆሮው ብዙም አይሰማም ነበር። እኛ ልጆቹ እነዚያን ሳጥኖች መንካት አይፈቀድልንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ነው በደረቅ ጨርቅ የሚወለውላቸው።

በ1979 የፋሲካ ሰሞን፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ቤት ሲጸዳ አባዬን ላስደስተው ብዬ ተነሳሁ። በቀኙ ስፒከር ላይ የቡና ስኒ ያተመው ክብ ምልክት ነበር፤ ጠርዙም ተጫጭሯል። ከሰፈራችን አናጢ የብርጭቆ ወረቀት ለመንኩ፤ ሻካራውን ነው የሰጠኝ። አባዬ ሥራ ላይ እያለ ፈገፈግኩ። ምልክቱ እየጠፋ ሲሄድ ደስ አለኝና ይበልጥ ፈገፈግኩ። ድንገት ላይኛው ጠርዝ ላይ እንጨቱ አለቀ። ከሥሩ የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። እኔ ሳጥኑ በሙሉ ዋልነት ይመስለኝ ነበር! ለካ ዋልነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ልጣጭ ነው፤ ቬኒር ይሉታል፤ ሥሩ ቺፑድ ነው። በድንጋጤ ከበር ሥራ የተረፈ ቫርኒሽ አምጥቼ ቀባሁበት። ቫርኒሹ ወርዶ የፊቱን ጨርቅ ነካና እንደ ቆዳ ድርቅ አለ።

አባዬ ማታ መጣ። አየው። ጣቱን በተላጠው ጠርዝ ላይ አንዴ አስኬደው። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም አላለም። እማዬ ከቁም ሳጥን ዳንቴል አውጥታ አለበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዳንቴል አልተነሳም፤ ሲታጠብ እንኳ ሌላ ይተካበታል። አባዬም የቅዳሜ ውልወላውን ተወ።

አባዬ በ1991 አረፈ። በ2001 ከቀበሌ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ለስፒከሮቹም ቦታ አልነበረም። ጠዋት «ቆራሌ!» የሚል ድምፅ ስሰማ ልጁን ጠርቼ ሰጠሁት። 120 ብር። ለእማዬ ግን «ጓደኛዬ ጋራዥ አስቀምጬልሻለሁ» አልኳት። «አደራ፣ ውሃ እንዳይነካቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ሁለቴ ትጠይቀኛለች፤ እኔም «አሉ» እላታለሁ። እህቶቼ ይህን የሚሰሙት እዚህ ሲያነቡት ነው። ጨርሳችሁ ሳታነቡ አትደውሉልኝ።

መርካቶ በሄድኩ ቁጥር ምናለሽ ተራ ጎራ የማለት አመል ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የተፈታ ሞተር፣ የብሎን ክምር፣ እጀታ የሌለው መጥበሻ፣ ሁሉ አለ። ስፒከር ሳይ መጀመሪያ የማየው ስሙን ወይም ዋጋውን አይደለም፤ የላይኛውን ጠርዝ ነው። ስንት ጠርዝ ዳሰስኩ መሰላችሁ! ይገኛል ብዬ አይደለም፤ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ኅዳር ሁለት አሮጌ ፍሪጅ መሃል ተደርድረው አየኋቸው። ግሩንዲግ። ያው ቁመት፣ ያው የፊት ጨርቅ። ልቤ ዘለለ። ጎንበስ ብዬ የሁለቱንም ጠርዝ ዳሰስኩ፤ ደህና ነው። የኛ አይደሉም። «ፋዘር፣ ኦሪጅናል ጀርመን ነው፤ ሲያበራ አያዩም?» አለኝ ልጁ። እውነትም ያበራል፣ ከመጠን በላይ ያበራል። እጄን ሳይ መዳፌ ቡናማ ሆኗል። በጫማ ቀለም ነው የወለወላቸው! 6,000 ብር ጠራ፤ የሊስትሮውን ሒሳብ ቀንስልኝ ስለው ሳቀና በ3,500 ተስማማን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ።

በመጀመሪያ ያላችሁ ሳጥን ቆዳው ምን እንደሆነ እወቁ። እውነተኛ ቬኒር ነው ወይስ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ፕላስቲክ? የእንጨቱን መስመር በደንብ ተመልከቱት። በየስንዝሩ ያው ቅርጽ ከተደጋገመ ፕላስቲክ ነው፤ እንጨት ራሱን አይደግምም። ከኋላ በኩል ጥግ ላይ የተነሳ ካለ ደግሞ ፕላስቲኩ ይጠቀለላል፣ ቬኒሩ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ በሳሙና እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ በደረቅ ስታደርቁት አለቀ። ዘይትም ሰምም አይጠጣም፤ አትድከሙ።

ቬኒር ከሆነ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትሯን አትርሱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። የብርጭቆ ወረቀት ከቤት አውጡ። እኔ ያልኩት ይበቃል፣ ዝርዝሩን ከላይ አንብባችኋል።

አቧራው በደረቁ ነው የሚነሳው። አቧራ ላይ እርጥብ ጨርቅ ካሳረፋችሁ ጭቃ ሠርታችሁ እንጨቱን ትፍቁበታላችሁ። እኔ አዲስ የቀለም ብሩሽ ገዝቼ ከላይ ወደ ታች ጠረግኩት። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ላርጎ፣ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ነክሮ አጥብቆ መጭመቅ፤ እጃችሁ ላይ ስታሳርፉት ቀዝቀዝ ይበል እንጂ ውሃ አይተው። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየተከተላችሁ። ውሃ ሳጥኑ ላይ መርጨት ክልክል ነው። ቺፑድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

የነዚህ ስፒከሮች የታች ጠርዝ እንደዚያ ሆኗል፤ ውሃ የገባበት ዳቦ ይመስላል። ማን እንዳደረገው አውቃለሁ። ያደረገው መወልወያ ነው። ለዓመታት ሲሚንቶው ወለል በውሃ ሲወለወል ሳጥኖቹ መሬት ላይ ነበሩ። ይሄ አይድንም። ሌላ እንዳይጨምር ግን ከሥራቸው አራት አራት የጣውላ ቁራጭ አስገብቻለሁ። እናንተም ዛሬውኑ አድርጉት፤ ሌላውን ባታደርጉ እንኳ ይቺን አድርጉ።

ሳሙናው ያላስለቀቀው ነገር ቀረ። የጫማ ቀለሙ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ንብርብር አገኘሁ፤ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ። አሸተትኩት። እጣን! የስንት ዓመት የቡና ጭስ፣ የእጣንና የከሰል ጥላሸት ነው። የኛ አገር የቤት ዕቃ ሁሉ ይሄ አለበት። ለዚህ መድኃኒቱ ለዘይት ቀለም ማቅጠኛ የሚሸጠው አኳራጅ ነው። በጥጥ ጨርቅ ትንሽ ነክራችሁ መጀመሪያ ከኋላ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ጨርቁ ላይ ቆሻሻው ብቻ ከመጣ ቀጥሉ፤ እንጨቱ ከተጣበቀ ወይም ከደበዘዘ አቁሙ። ቲነር ግን አደራ! ቲነር ቆሻሻውን ትቶ የእንጨቱን ላክ ነው የሚያቀልጠው። አልኮልም እንደዚያው ሊያደርግ ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ የከሰል ምድጃ ከአጠገባችሁ አርቁ። እኔ በረንዳ ላይ ነው የሠራሁት፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። አንድ ካናቴራ ቡናማ ሆነ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ላይ ዋልነቱ ብቅ አለ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል።

ከላይ ምን ተገኘ መሰላችሁ? የዳንቴል ጥላ። ዋልነት ለብዙ ዓመት ብርሃን ሲያገኘው እየነጣ ይሄዳል። ዳንቴሉ የሸፈነው ቦታ ጠቁሮ ቀርቷል፣ ዙሪያው ቀልቷል፤ የጫፉ ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። የማንን ሳሎን እንደሆነ አላውቅም፤ አንዲት ሴት ግን ዳንቴሏን በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ስትመልሰው ኖራለች። ይህንን የሚያጠፋ ነገር አልፈልግም፤ ቢኖርም የብርጭቆ ወረቀት ነው።

የስኒ ምልክትም አለ፤ ይሄ መቼም አይቀርም። ክቡ ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ያለው ላኩ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ በትንሽ ዘይት ወይም ሰም ሲታሽ ይለቃል። ጥቁር ከሆነ ግን ወደ እንጨቱ ገብቷል። ይህኛው ጥቁር ነው። የሚያነጣ ኬሚካል አለ፤ አንድ አናጢ ወዳጄ አምጥቼ ልሥራልህ ብሎኝ ነበር። ተወው አልኩት።

ዘይትን በተመለከተ ሦስት ሰው «የምግብ ዘይት ብቀባውስ?» ብሎኛል። አትቀቡት። አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም ይሸታል። ባዝሊንም ያው ነው። የተልባ ዘይት ይደርቃል፣ ግን ላክ ባለው እንጨት ላይ ሥራ የለውም፤ ከተጠቀማችሁም የነከራችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይጫር ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። (ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል።)

እኔ የተጠቀምኩት የንብ ሰም ነው፤ ጧፍ የሚሠራበት። ውሃ አፍልቼ ከእሳቱ አወረድኩት፣ ሰሙን በቆርቆሮ አድርጌ ሙቅ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ሲቀልጥ ውጭ አውጥቼ አኳራጅ ጨመርኩበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። እሳት ላይ እንዳለ አኳራጅ የሚጨምር ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ነው። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ እጅ እስኪደክም መወልወል። ሲበዛ ያጣብቃል፤ ትንሽ ይበቃል።

በአንዱ ጎን ቬኒሩ ተነስቶ ነበር። ነጭ የእንጨት ኮላ በመርፌ ስሪንጅ ከሥሩ አስገብቼ፣ ላስቲክ ጣል አድርጌበት፣ በመጻሕፍት ተጫንኩት። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደቱ ጠቀመ።

ስለ ውስጡ አጠር ላድርገው። የፊቱን ጨርቅ ያዘለው ሰሌዳ በጥንቃቄ ሲሳብ ይወጣል፤ ብሩሽ ብቻ አደረግኩለት፣ አላጠብኩትም፤ ድሮ የተለጠፈ ጨርቅ ታጥቦ ሲሸበሸብ አይቻለሁ። የወረቀቱን ኮን በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ነገር አትንኩት፤ ትንሿን የላይኛዋን ድምፅ አውጪ ጭራሽ አትንኳት። ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ከሆነና በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ባለሙያ ይቀይረው፤ ስፖንጅ በዕድሜው ይበሰብሳል፣ የናንተ ጥፋት አይደለም። የኔዎቹ ደህና ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ የታጨቀውን ሱፍ የሚመስል ነገር አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትነካኩት። ከዚያ ሱፍ መሃል ስንት የሞተ በረሮ እንዳወጣሁ ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ገጽ ታነባለች።

ሽቦው ተቆርጦ ነበር። የድሮ የጀርመን ስፒከር ሶኬቱ አንዱ እግሩ ጠፍጣፋ አንዱ ክብ ነው፤ ተገልብጦ እንዳይሰካ። ያን ቆርጠው ጥለው ሽቦውን እንዲሁ ሲጠመዝዙት የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ ይጠፋል። ኢንተርፈረንስ ያስተማርኳችሁ ትዝ ይላችኋል? አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበ ወፍራሙ ድምፅ ይጣፋል፤ ክራሩ ይሰማል፣ ቤዙ የለም። አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰዱና ሁለቱን ሽቦ ለቅጽበት ብቻ አስነኩት። ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ምልክት አድርጉበት። ያረጁትን ካፓሲተሮች ደግሞ ሰፈራችን ያሉ ራዲዮ ጠጋኝ ቀየሩልኝ። ጋሼ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርዙን አዩና «ማን ነው ሳይፍቅ ያጸዳው?» አሉኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከዲግሪዬ በላይ ኮራሁበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ እማዬን ይዛት መጣች። እማዬ 82 ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ጥላ ጥላውን ነው የምታየው። ስለ ስፒከሮቹ ምንም አልነገርኳትም። እውነቱን ልነግራት ነበር ሐሳቤ፤ «ያኔ ሸጫቸዋለሁ፣ እነዚህ ሌሎች ናቸው» ልላት። ሸክላ አልነበረኝም፤ ከስልኬ ብዙነሽን ከፈትኩ። እማዬ ወሬዋን አቋረጠች። ትንሽ አዳመጠችና ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ድምፁን ተከትላ ሄደች። ወደ ቀኙ ነው የሄደችው፤ የአባዬ ወደ ነበረው ጎን።

እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን ወደ ጠርዙ አስኬደች፤ ቀስ ብላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ተመለሰችና ደግማ ዳሰሰችው።

«ሠራኸው እንዴ?» አለችኝ።

አፌ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። «አዎ እማዬ» አልኩ።

«መቼም አይታወቅም» አለች፤ «እንዲህ አሳምረህ።» እህቴ ምንም አታውቅ፣ እንደ ልማዷ ለእንግዳ ክፍሉ ያመጣችልኝን ነጭ ዳንቴል ከፌስታል አውጥታ ልታለብሰው መጣች። እማዬ በእጇ መለሰቻት።

«ተይው፣ አሁን አያስፈልገውም» አለች። ወንበሯን ወደ ቀኙ ስፒከር አስጠግቼላት እስከ ማታ እዚያው ተቀመጠች።